የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴሎች ልጆችን በእርግጥ ያስተምራሉ? ከውጭ ለሚመጣ ወንድም ምን እንዘዘው?

የአባዶ ነዋሪ (የካ አባዶ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጀርመን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ በሐምሌ ለዕረፍት ስለሚመጣ «ለልጆቹ ምን ይዤ ልምጣ?» ብሎ ጠይቆኛል። ዘንድሮ አምስተኛ ክፍልን የሚያጠናቅቀው ልጄ ታብሌት እንዲመጣለት ይመኛል፤ እኔ ግን በአባዶ ክረምት ጭቃው ልጆቹን ከቤት ስለማያስወጣ ሁለቱን ወራት ስክሪን ላይ አፍጥጦ እንዳያሳልፋቸው ሰግቻለሁ። በዚህ መሐል አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ከትናንሽ የፕላስቲክ ክፍሎች ተገጣጥሞ የተሠራ አውሮፕላን አየሁ። ክፍሎቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው በፕላስቲክ ፍሬም ላይ እንደተያያዙ ይመጣሉ፤ ልጁም የሥዕል መመሪያውን እየተከተለ ይቆርጣቸዋል፣ ጠርዛቸውን ያለሰልሳል፣ ያጣብቃቸዋል፣ ከዚያም ቀለም ይቀባቸዋል።

ለመጠየቅ የፈለግሁት ይህ ነገር ጊዜ ከማሳለፊያነት አልፎ የሚሰጠው ትምህርት አለ ወይ የሚለውን ነው። መመሪያ እየተከተሉ መለጠፍ ብቻ ከሆነ ገንዘቡን ለመጻሕፍት ባውለው እመርጣለሁ። ስድስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ስላለችኝም ሙጫውና መቁረጫው ያሳስቡኛል። ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።

የሒሳብ መምህር (ኮዬ ፈጬ)

ወንድሜ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ሳጥኑ ላይ በጉልህ የተጻፈው ቁጥር ነው። 1/144፣ 1/72፣ 1/48 ወይም 1/35 የሚል ያገኛሉ፤ 1/144 ማለት የሞዴሉ ርዝመት ከእውነተኛው ዕቃ 144 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ተማሪዎቼ ሬሾን በወረቀት ላይ በደንብ ያሰላሉ፤ ነገር ግን በካርታ ላይ ያለው መስፈርት በእውኑ ዓለም ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቃቸው ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ሞዴል በእጁ የያዘ ልጅ ግን ቁጥሩን ወደ ሜትር መመለስ የሚፈልገው ራሱ ነው፣ ማንም ሳያዘው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ አየር መንገዶች ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787-8 ድሪምላይነር 56.7 ሜትር ርዝመትና 60.1 ሜትር የክንፍ ስፋት አለው። በ1/144 ሲሠራ ርዝመቱ 39.4 ሴንቲ ሜትር፣ ክንፉ ደግሞ 41.7 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገበት የዳግላስ ዲሲ-3 ቤተሰብ አውሮፕላን የክንፍ ስፋቱ 29 ሜትር ገደማ ስለሆነ በዚያው መስፈርት 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይደርሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ልጅ፣ በእነዚያ ዓመታት መካከል የሆነውን ለውጥ ከየትኛውም አንቀጽ በተሻለ ይረዳዋል። ከዚያ ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. የተተከለው 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት በዚሁ መስፈርት 16.7 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አስልቶ ከካርቶን ቆርጦ ያቁመው። እርስዎ የሚኖሩበትን የጋራ መኖሪያ ሕንፃም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል፦ የአንዱን ደረጃ ቁመት በሜትር ለክቶ፣ እስከ ላይ ያሉትን ደረጃዎች ቆጥሮ ማባዛት፣ ያንንም ለ144 ማካፈል ነው። ሰው ራሱ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ከፍ ባለ ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ርዝመት በ144 ሲያንስ የገጽታ ስፋት በ144 ካሬ፣ ማለትም በ20,736፣ ይዘት ደግሞ በ144 ኪዩብ፣ ማለትም በ2,985,984 ያንሳል። የ787-8 ከፍተኛ የመነሻ ክብደት 228 ቶን ገደማ ነው፤ ለኪዩቡ ስናካፍለው 76 ግራም አካባቢ ይመጣል። ልጁ የሠራውን አውሮፕላን ወደ ሰፈር ሱቅ ወስዶ በሚዛን ያስመዝነውና መልሱ ለምን እንደተለየ ያስብበት። ይህ ጥያቄ ስለ ቁስ እፍጋት፣ ስለ ባዶ ቦታ፣ ስለ ነዳጅም ያስወራል። በክፍል ፈተና ላይ ነጥብ ይጨምርለታል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም፤ የምለው ቁጥሩ ትርጉም ያገኛል ነው።

የሁለት ልጆች እናት (ጀሞ)

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አነበብኩት፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ሁላችንም ቶሎ የተስማማን እንዳይመስል ተቃውሞዬን ላስቀምጥ። እኛ ስናድግ ወንድሞቻችን ከአጥር ሽቦ ጎትተው፣ ቆርኪ ጠፍጥፈው፣ የጫማ ሶል ክብ አድርገው ቆርጠው መሪ ያላት መኪና ይሠሩ ነበር። በጭቃ በሬና ላም እንሠራ ነበር። መመሪያ አልነበረም፤ ቁጥር የተሰጠው ክፍልም አልነበረም። ጎማው አልዞር ሲል ለምን እንዳልዞረ የሚያስበው ልጁ ብቻ ነበር። የፋብሪካው ሞዴል ግን ማሰቡን ሁሉ ሌላ ሰው ጨርሶት የመጣ ነገር ነው። ለልጁ የቀረለት ቁጥር 14ን ከቁጥር 15 ጋር ማጋጠም ነው፤ ውጤቱም ጃፓን ያለ ልጅ ከሠራው ጋር አንድ ዓይነት ይሆናል።

በዚያ ላይ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሻንጣ በሚመጣ ሰው እጅ ነው። ዘመድ ውጭ የሌለው ልጅ ምን ይሁን? ገንዘብ የሚጠይቅ ነገርን የትምህርት መሣሪያ ብለን ስንጠራ የሌላቸውን ወላጆች ማሳቀቅ እንዳይሆንብን። ልጆቼ እንጨት፣ ካርቶንና ጭቃ ይበቃቸዋል የሚል እምነት አለኝ።

ሞልድ ክፍል (ገላን)

በፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የሞልድ (የቀለጠ ፕላስቲክ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ብረት) ጥገና ባለሙያ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ጉዳይ ከሥራዬ አንጻር ነው የማየው። እህቴ ስለ ሽቦ መኪናው ያሉት እውነት ነው፤ እኔም የሽቦ መኪና እየነዳሁ ነው ያደግሁት። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚያስተምሩት ነገር የተለያየ ነው። የሽቦ መኪና ልጁ በሐሳቡ ያለውን ነገር ወደ ዕቃ እንዲለውጥ ያስተምረዋል። ሞዴሉ ደግሞ ሌላ ሰው በወረቀት ላይ ያሰፈረውን ሐሳብ አንብቦ በትክክል ወደ ዕቃ መለወጥን ያስተምራል። ወደ ፋብሪካችን ከኮሌጅ ተመርቀው የሚመጡ ወጣቶች በአብዛኛው የሚቸገሩት በዚህኛው ነው። ሥዕል ተሰጥቷቸው፣ ክፍሉ ከኋላ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ የቀኙ ከግራው በምን እንደሚለይ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ተከትሎ እንደሚገባ በአእምሯቸው አዙረው ማየት ያቅታቸዋል። የጃፓንም ሆነ የአውሮፓ ሞዴሎች መመሪያ አብዛኛው ሥዕል ስለሆነ ልጁ ቋንቋ ባያውቅም የቀስቱን አቅጣጫ፣ የተቆረጠውን መስመር፣ በክብ ውስጥ የጎላውን ዝርዝር እያነበበ ይሄዳል። ዕቃን በአእምሮ አዙሮ የማየት ችሎታ በልምምድ የሚያድግ መሆኑ ደግሞ የታወቀ ነው።

ሌላው ጥቅም ነገሩ እንዴት እንደተሠራ መጠየቁ ነው። አውሮፕላኑ ለምን ግራና ቀኝ ሁለት ግማሽ ሆኖ እንደመጣ ልጅዎን ይጠይቁት። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ፖሊስታይሪን የሚባለው ፕላስቲክ በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ቀልጦ በከፍተኛ ግፊት ሁለት ፊት ባለው የብረት ሞልድ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃው መውጣት አለበት። ውስጡ ባዶ ሆኖ ዙሪያው የተዘጋ ቱቦ በዚህ መንገድ አይወጣም። ወፍራም ድፍን ቢደረግ ደግሞ ሲቀዘቅዝ ይሰረጉዳል። ስለዚህ ለሁለት ይከፈላል። ክፍሎቹን የያዘው ፍሬም የቀለጠው ፕላስቲክ የተጓዘበት መንገድ ነው። በክፍሎቹ የውስጥ ፊት ላይ የሚታዩት ትናንሽ ክብ ምልክቶች ዕቃውን ከሞልዱ ገፍተው ያወጡት ፒኖች ዱካ ናቸው። ልጁ ይህን ካወቀ በኋላ የቤቱን የፕላስቲክ ወንበር ገልብጦ ሲያይ ያንኑ ምልክት ያገኛል፣ እግሩ ለምን ወደ ታች እየጠበበ እንደሚሄድም ይጠይቃል። ፋብሪካዎቹ ከሰበታ እስከ ዱከም ዙሪያችንን ሞልተው ሳለ ልጆቻችን በውስጣቸው ስለሚሠራው ነገር ምንም አለማወቃቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ስለ ማጣበቂያውም አንድ ነገር ልጨምር። የሞዴል ማጣበቂያ እንደ ተራ ሙጫ በሁለቱ መካከል ደርቆ አይዝም፤ የሁለቱንም ፊት ያሟሟና አንድ አካል ያደርጋቸዋል፣ ፈሳሹም ይተንናል። ከብየዳ ጋር ይቀራረባል። በዚህም ምክንያት በፖሊስታይሪን ላይ እንጂ በጀሪካን ላይ አይሠራም፤ ጀሪካን የሚሠራው ከፖሊኢትሊን ነውና። ሁለቱም በልማድ «ፕላስቲክ» ይባላሉ፣ ግን ባሕርያቸው የተለያየ መሆኑን ልጁ በእጁ ሞክሮ ያረጋግጣል። ለኬሚስትሪ መግቢያ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ነርሷ (ለገጣፎ)

የሞልድ ክፍሉ ወንድማችን ማጣበቂያውን በኬሚስትሪ ዓይን ገለጡት፤ እኔ በጤና ዓይን ልመልከተው። በከተማችን ማስቲሽ የሚስቡ ልጆችን ያላየ ሰው ስለሌለ ወላጅ ሙጫ ሲባል ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሞዴል ማጣበቂያዎች በአብዛኛው አሴቶን ወይም ቡቲል አሴቴት የመሰሉ ፈሳሾች አሉባቸው፤ ትነታቸው ራስ ያሳምማል፣ ያዞራል፣ በእሳትም ይቀጣጠላሉ። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ክፍል ውስጥ በክረምት መስኮት ዘግቶ፣ ወይም ከሰል በተቀጣጠለበት ቤት መጠቀም ፈጽሞ አይገባም። መስኮት ተከፍቶ፣ አዋቂ አጠገብ ተቀምጦ፣ ክዳኑ ወዲያው እየተዘጋ መሆን አለበት። ከብርቱካን ልጣጭ ዘይት የሚገኝ ሊሞኒን ያለበት ዓይነትም አለ፤ ሽታው የቀለለ ቢሆንም ጥንቃቄው ያው ነው።

ለጀማሪ ልጅ ግን ማጣበቂያ የማይጠይቁ፣ ክፍሎቹ እየተገፉ የሚቆለፉ ሞዴሎች ስላሉ እነርሱን ብትመርጡ እመክራለሁ። የጃፓኑ ባንዳይ የሚያወጣቸው የጉንዳም ሮቦቶች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ ሬቭል የሚባለው የሞዴል አምራችም ለትናንሾች የሚሆኑ አሉት። ትናንሾቹ ክፍሎች ሊያንቁ ስለሚችሉ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ ፈጽሞ መሠራት የለባቸውም። የስድስት ዓመቷ ልጅዎ ክፍሎቹን በቁጥር እየፈለገች ለወንድሟ ማቀበል፣ ማጠብና መደርደር ትችላለች። ምላጭ ለማንኛቸውም አይሰጥ፤ ለመቁረጥ ጥፍር መቁረጫ፣ ለማለስለስ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። ብርጭቆ ወረቀቱን ውኃ አርጥቦ መጠቀም ብናኙን ይቀንሳል።

የአባዶ ነዋሪ (የካ አባዶ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው የተማርኩት። የቀረኝ ጥያቄ ቢኖር ወንድሜ ከላከልኝ ፎቶዎች አብዛኞቹ ታንክና ተዋጊ አውሮፕላን መሆናቸው ነው። አገራችን በቅርብ ዓመታት ካየችው በኋላ ታንክ በልጄ ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ አልፈልግም። ደግሞም እኔ ራሴ አብሬው ልቀመጥ ወይስ ለብቻው ልተወው?

ጡረተኛው ቴክኒሻን (ሰበታ)

ልጄ፣ ዕድሜዬን በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ያሳለፍኩ ስለሆንኩ በዚህ ላይ ጥቂት መናገር እችላለሁ። ታንክ ካልፈለግህ አትግዛ፤ መርከብ፣ የቤት መኪና፣ ሮኬት፣ የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ሁሉም አለ። ኤርፊክስ የሚባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ ድርጅት በ1940ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ወደዚህ ሥራ የገባው በፈርጉሰን ትራክተር ነው፤ ሞዴሉ መጀመሪያ የታሰበው ለትራክተሩ ሻጮች ማስተዋወቂያ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ ይህ ሥራ ከጦር መሣሪያ ጋር የግድ የተሳሰረ አይደለም።

አብረኸው ተቀመጥ፤ እጅህን ግን አታስገባ። አባቶች ልጃቸው ሲዘገይ ትዕግሥት ያጡና «ስጠኝማ» ብለው ራሳቸው ይሠሩታል፤ ያን ጊዜ ትምህርቱ ለአባትየው ይሆናል። በእኛ ሙያ መጀመሪያ የሚለመደው መመሪያውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያነቡ መፍቻ አለማንሳት ነው። ሞዴልም እንዲሁ ነው። የአብራሪዎቹ ክፍል ቀለም መቀባት ያለበት ሁለቱ ግማሾች ከመዘጋታቸው በፊት ነው፤ አንዴ ከተዘጋ እጅ አይገባም። ልጁ ይህን የሚያውቀው አስቀድሞ አምስት ገጽ ወደፊት ካነበበ ብቻ ነው። ቀጥሎ፣ ማጣበቂያ ሳይነካ ክፍሎቹን ገጥሞ ማየት አለበት። ክፍተት ካለ ምክንያቱን ይፈልግ፤ ጠርዙ አልጸዳ ይሆናል፣ ክፍሉ የግራው ሳለ በቀኝ ገብቶ ይሆናል።

እኔ ከሁሉ የምወደው ግን አፍንጫው ላይ የሚጨመረውን ክብደት ነው። የፊት ጎማ ያላቸው ብዙ አውሮፕላኖች ሞዴል ሆነው ሲሠሩ በጅራታቸው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ መመሪያው ይህን ያህል ግራም አፍንጫው ውስጥ ጨምር ይላል። ለምን? የክብደቱ ማዕከል ከዋናዎቹ ጎማዎች ወደ ኋላ ስለሚያልፍ ነው። ልጁ መጠኑን ከወረቀቱ ከሚገለብጥ ይልቅ ሁለቱን ግማሾች ለጊዜው በፕላስተር አያይዞ፣ በጎማዎቹ ቦታ በሁለት ጣቱ ደግፎ፣ አፍንጫው እስኪያጎነብስ ድረስ ትናንሽ ብሎኖች እየጨመረ ይፈልገው። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ጭነትና መንገደኛ የሚደለደለው በዚሁ ሕግ ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ካደላ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ሳለም በጅራቱ ሊቀመጥ ይችላል። ይህን በአሥራ አንድ ዓመቱ በጣቱ የተረዳ ልጅ በኋላ ፊዚክስ ላይ ሞመንት (የኃይል የማዞር ውጤት) የሚለውን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም።

ልጅህ ሲያበላሽም ተወው። የተሰበረ እግር ይጠገናል፤ ፍሬሙን በሻማ አጠገብ አሙቆ በመሳብ ቀጭን ዘንግ ማውጣትና በእርሱ መተካት ይቻላል፣ ይህን ግን አንተ ሥራለት።

የሁለት ልጆች እናት (ጀሞ)

ጋሼ ስለ ክብደቱ ማዕከል የጻፉት አሳምኖኛል፤ እንዲያ ሆኖ ከተሠራ ትእዛዝ መከተል ብቻ እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ስለ ዋጋው ያልኩት ግን እንዳለ ነው። አንድ ልጅ በዓመት አንድ ሳጥን ቢያገኝ እንኳ ከዚያ በኋላስ ምን ይሠራል? ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ትምህርቱም አብሮ የሚያልቅ ከሆነ የሽቦ መኪናዬን አልለቅም።

የሒሳብ መምህር (ኮዬ ፈጬ)

እህቴ፣ በዚህ እስማማለሁ። ሳጥኑ መነሻ እንጂ መድረሻ መሆን የለበትም። ልጁ አንድ ሞዴል ከጨረሰ በኋላ ሁለተኛውን ራሱ ይንደፈው። ለምሳሌ የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ በ1/100 ልክ 12 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከሱቅ በሚጣል የብስኩት ካርቶን ይሠራል። ነገር ግን ከመቁረጡ በፊት እንደ ፋብሪካው ያድርግ፦ የእያንዳንዱን ግድግዳ ክፍል በወረቀት ይሣል፣ ቁጥር ይስጠው፣ የአገጣጠም ቅደም ተከተሉን በቀስት ያሳይ። ከዚያ ሥዕሉን ለጎረቤት ልጅ ሰጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ያ ልጅ መገጣጠም መቻሉን ይይ። የመስቀል ቅርጽ ያለው ሕንፃ ስንት ግድግዳ እንዳለው ሲቆጥር አሥራ ሁለት ያገኛል፤ ብዙ አዋቂዎች አራት ብለው ነው የሚጀምሩት። የሽቦ መኪናውም ቢሆን መጀመሪያ በወረቀት ከተነደፈ ሁለቱ ትምህርቶች ይገናኛሉ፤ ወጪውም እርሳስና ማስመሪያ ነው።

የአባዶው ወንድማችን ድሪምላይነር ካስመጡ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ በውኃ ተነክሮ የሚለጠፈው ሥዕል የሌላ አገር አየር መንገድ ሊሆን ይችላል። ከሆነም አይዘኑ፤ ጅራቱ ላይ ያሉትን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መስመሮች ልጁ ከፎቶግራፍ ለክቶ በራሱ ይሣላቸው።

የአባዶ ነዋሪ (የካ አባዶ)

ዛሬ ለወንድሜ ደውዬለታለሁ። ለልጁ የ1/144 የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ለመለማመጃ ደግሞ ማጣበቂያ የማይፈልግ አንድ ቀላል መኪና፣ እንዲሁም የሞዴል ማጣበቂያና ትናንሽ የቀለም ጠርሙሶች እንዲያመጣ ነግሬዋለሁ። ታብሌቱ ለሌላ ጊዜ ተላልፏል፤ ልጄ ገና አልሰማም።

ነርሷ (ለገጣፎ)

ማጣበቂያውን ሻንጣ ውስጥ እንዳይከት ቶሎ ይደውሉለት። የሚቀጣጠል ፈሳሽ ስለሆነ በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫነው ውስጥ በመንገደኛ አውሮፕላን መጓጓዝ የተከለከለ ነው። ቀለሙም በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ይሁን፤ በቲነር የሚቀጥነው ያው ችግር አለበት። ማጣበቂያ የማይፈልገውን መኪና ቀድሞ ይሥራ፤ የአውሮፕላኑን ማጣበቂያ እስከዚያ እዚሁ ፈልገው ያግኙ። ሲገዙ ግን ለፖሊስታይሪን የሚሆን መሆኑን ከጽሑፉ ላይ አንብበው ይግዙ፤ የጫማ ማስቲሽ ይሆናል ቢሉዎት አይቀበሉ።

ሞልድ ክፍል (ገላን)

ነርሷ ባሉት ላይ፣ ሲገዙ ከፍሬሙ ትንሽ ቁራጭ ይዘው ይሂዱና ሁለት ስባሪ አጣብቀው ይሞክሩት። በማግስቱ ሲታጠፍ ከመጋጠሚያው ሌላ ቦታ ላይ ከተሰበረ ማጣበቂያው ትክክለኛው ነው።